የሐሰት ወሬን ሕግ ይግታው? የጣና ዳር ክርክር

አወያይ፦ የዛሬው ጥያቄ፦ የጥላቻ ንግግርና የሐሰተኛ መረጃ አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ይጠብቀናል ወይስ አፋችንን ያዘጋል? ስድብ አይፈቀድም።

ዓሣ ሻጯ፦ እኔ ልጀምር። በዐቢይ ጾም፣ ገበያው በደራበት ሰሞን፣ አንድ ገጽ «እንቦጩ ላይ መድኃኒት ተረጭቶ የጣና ዓሣ ተመርዟል» ብሎ ለጠፈ። የተረጨ ነገር አልነበረም። ደንበኞቼ እያዩኝ አለፉ። ቀረሶዬ እንደተጋደመ በረዶው ቀለጠ። እስከ ማታ የሸጥኩት አራት ዓሣ ነው። ሰውየው ጽሑፉን በማግስቱ አጠፋው፤ የእኔ ዕዳ ግን አልጠፋም። ይቀጣልኝ!

ባጃጅ ነጂው፦ እትዬ፣ እውነትዎን ነው። እኔንም ይስሙኝ። ዐምና ጥቁር ፍሳሽ ወደ ሐይቁ ሲገባ አየሁ፤ ሽታው ያፍናል። ፎቶ አንስቼ ለጠፍኩ። ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ተደወለልኝ። «ሐሰተኛ መረጃ እንደሚያሳስር ታውቃለህ?» አሉኝ። የልጆች አባት ነኝ፤ አጠፋሁት። ከሦስት ሳምንት በኋላ ቱቦውን ሊጠግኑ መጡ። ታዲያ ዋሽቼ ነበር?

ጠበቃዋ፦ አዋጁ ውሸትን ሁሉ ወንጀል አላደረገም። ሐሰት መሆኑን እያወቀ ወይም ማወቅ ሲገባው ያሰራጨ ሰው ነው የሚጠየቀው፤ ያውም ወሬው ሁከት ወይም ግጭት የማስነሳት ዕድሉ ከፍተኛ ሲሆን። ቅጣቱ እስከ 1 ዓመት እስር ወይም እስከ 50,000 ብር ነው። ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው ገጽ ከሆነ እስከ 3 ዓመት ወይም እስከ 100,000 ብር ይደርሳል። የዓሣው ነገር እዚህ መግባቱን እጠራጠራለሁ። እትዬ በፍትሐ ብሔር ካሳ ቢጠይቁ ይሻላል። የወንድሜ ፎቶ ግን ጭራሽ አይገባም። እኔን የምታስፈራኝ «ማወቅ ሲገባው» የምትለዋ ሐረግ ናት። የሚለካት ዳኛ ሲሆን ጥሩ። ስልክ የሚደውል ኃላፊ ከለካት ግን ሐሳብን የመግለጽ ነጻነት የሰጠን የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 29 ምን ይሠራልናል?

ነርሱ፦ በ2011 ዓ.ም. እዚሁ ቅርብ፣ ሜጫ ወረዳ ውስጥ ለጥናት የሄዱ ተመራማሪዎች «ልጆቻችንን ሊመርዙ ነው» በሚል ወሬ ተገደሉ። አዋጁ ገና አልወጣም ነበር። ቢወጣስ? ወሬ በደቂቃ ይደርሳል፤ ክስ ወራት ይፈጃል። እኔ ለክትባት ገጠር ስወጣ መጀመሪያ ከእናቶቹ ጋር ቡና እጠጣለሁ። ጠርሙሱን አሳያለሁ፣ የጠየቁኝን ሁሉ እመልሳለሁ። መርፌው የሚወጣው ከዚያ በኋላ ነው። ቅጣቱን አልቃወምም፤ ቀድሞ የሚደርሰው ግን እውነቱ ይሁን።

ዓሣ ሻጯ፦ እሱማ ልክ ነህ ልጄ። ያን ቀን የሚመለከተው ሰው ወጥቶ «አልተረጨም» ቢልልኝ በቂዬ ነበር። ሦስት ጊዜ ደወልኩ። «ስብሰባ ላይ ናቸው» ነው መልሱ።

ባጃጅ ነጂው፦ ለእኔ ለመደወል ግን ሁለት ሰዓት አልፈጀባቸውም።

ዓሣ ሻጯ፦ ፎቶው አለህ? ላክልኝ እስቲ። ያ ፍሳሽ የገባበት ውኃ እኮ ዓሣዬ የሚወጣበት ነው።