ለሙዚቃ ማኅበራችን የእሑድ ጉባኤ የሚቀርብ፦ የጊታሩ ፒክአፕ ጉዳይ

ጊታሪስቱ፦ ባለፈው ቅዳሜ ሐዋሳ ሐይቅ ዳር ሰርጉ ላይ የሆነውን የሰማ ሰምቷል። የአዳራሹ መብራት ደብዘዝ ሲል ጊታሩ ከምርቃቱ በላይ አጓራ፤ የሙሽራው አባት «ይህን ንብ አውጡልኝ» አሉ። ጥር ሳይገባ መፍትሔ ይፈለግ። ረቂቁ ይኸው፦ «ለማኅበሩ ጊታር የሦስት ፒክአፕ ግዢ፣ ከ22 ሺህ ብር የማይበልጥ»። ፒክአፕ የምለው ከጊታሩ ክሮች ሥር ተቀምጦ ንዝረታቸውን ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጠውን ባለ ማግኔት ዕቃ ነው። አስተያየት እስከ ሐሙስ።

ገንዘብ ያዡ፦ ሦስት ፒክአፕ በ22 ሺህ ብር! አልፈርምም። አምና «ሞኒተር» ብላችሁ አጻፋችሁኝ፤ ኦዲተሩ ኮምፒውተሩን አምጣ ሲለኝ ድምፅ ማጉያ እያሳየሁ ግማሽ ቀን የተከራከርሁት እኔ ነኝ። አሁን ደግሞ መኪናዎቹ የታሉ ልባል ነው? ስሙ ይቀየር።

ባሲስቱ፦ ስሙ ይቆይ፣ ዕቃውን እንምረጥ። ጊታራችን ስትራቶካስተር የሚባለው የፌንደር ጊታር ቅጂ ነው፤ ሦስቱም ፒክአፖቹ ባለ አንድ የሽቦ ጥምጥም ናቸው። ባለ አንድ ጥምጥም የመብራቱን የ50 ኸርዝ ጉርምርምታ ከአየር ላይ ይለቅማል፣ ተፈጥሮው ነው። ሃምበከር የሚባለው ፒክአፕ ሁለት ጥምጥም አለው፤ አጠማጠማቸውም ማግኔታቸውም ተቃራኒ ስለሆነ ጉርምርምታው እርስ በርሱ ይጠፋፋል፣ የክሩ ድምፅ ግን ይደመራል። የጊታር አምራቹ የጊብሰን ባልደረባ ሴዝ ላቨር በ1955 እ.ኤ.አ. የባለቤትነት መብት ያመለከተበት ነገር ነው፤ እኛ ገና እንከራከራለን። በባለ አንድ ጥምጥም መጠን የሚሠራ ስላለ የጊታሩን የፊት ፕላስቲክ መቅደድም አያስፈልግም። ድልድዩ ጋ፣ ክሮቹ ከጊታሩ አካል ላይ በሚያርፉበት፣ አንድ ይበቃል።

ጊታሪስቱ፦ አንገቱ ጋ ያለውን ብቻ እንዳትነኩብኝ። ትዝታ ስጫወት የሚያለቅሰው እርሱ ነው።

ኪቦርዲስቱ፦ ታዲያ ሦስት ብሎ ያረቀቀው ማን ነው?

ጸሐፊዋ፦ ስሙን እንጨርስ። «ድምፅ ለቃሚ» ብዬ ልጻፍ?

ድምፃዊቷ፦ ሲዳማ ምድር ላይ ለቃሚ ቡና ለቃሚ ነው። ሦስት ሠራተኛ ቀጠሩ ይባላል። «የጊታር ማይክ» በሉት።

ባሲስቱ፦ ማይክ አይደለም። ማይክ አየር ይሰማል፤ ይህ የሚሰማው የብረት ክር ማግኔቱ ፊት ሲንቀጠቀጥ ብቻ ነው። የናይለን ክር ብታስሩበት ዲዳ ነው።

ክራር ተጫዋቹ፦ ዲዳ ያልኸው የእኔን ክራር ነው?

ባሲስቱ፦ ስለ ማግኔት ነው የተናገርሁት።

ክራር ተጫዋቹ፦ ገብቶኛል። ለጊታር ሲሆን 22 ሺህ፣ ለክራር ሲሆን ዲዳ። ለናይለን የሚሆን ፒየዞ አለ፤ ከእንጨቱ ላይ ተለጥፎ ንዝረቱን የሚወስድ። እርሱም ይግባ፣ አለበለዚያ ድምፄን አልሰጥም።

ጸሐፊዋ፦ ገብቷል። ስሙስ?

ገንዘብ ያዡ፦ ስሙ ካልተስተካከለ ክራሩም አይገባም።

ጊታሪስቱ፦ ጋሼ፣ እርስዎን የሚያሳስብዎት ኦዲተሩ ነው፤ መድረክ ላይ የሚዋረደው እኔ ነኝ!

ገንዘብ ያዡ፦ አንተ ገና ሳትወለድ ይህን መድረክ አውቀዋለሁ። ሰው ፊት ማዋረድ ከፈለግህ እሑድ ሳጥኑን ከነቁልፉ ተረከበኝ።

ኪቦርዲስቱ፦ ከመጣላታችን በፊት ጊታሩን የፈተሸ አለ? ክሩን በእጅህ ስትነካው ጩኸቱ ከቀነሰ የመሬቱ ሽቦ ደህና ነው፤ የጎደለው ከለላ ነው። የፒክአፕ መምረጫውን ሁለት ሁለቱ አብረው በሚሠሩበት በ2ኛውና በ4ኛው ላይ አድርገው፤ እዚያ ጸጥ ካለ መካከለኛው በተቃራኒ የተጠመጠመ ነው ማለት ነው። ውስጡን በመዳብ ወረቀት አልብሶ ከመሬቱ ሽቦ ጋር ማያያዝ ከፒክአፕ ይረክሳል። ጉርምርምታውን ጨርሶ አያጠፋውም፣ የመብራቱን ጥዝጥዝታ ግን በጣም ይቀንሳል።

ጊታሪስቱ፦ ስነካው ይቀንሳል። 2ኛው ላይም ጸጥ ይላል። ጋሼ፣ ይቅርታ፤ ከቅዳሜ ጀምሮ እንቅልፍ አልተኛሁም።

ገንዘብ ያዡ፦ ልጅ ነህ፣ አልፏል። ፒክአፕ የሚለው ግን ይውጣ።

ሳክስፎኒስቱ፦ ረቡዕ አዲስ አበባ እሄዳለሁ። የሃምበከሩንም የፒየዞውንም ዋጋ አጣርቼ ሐሙስ ጠዋት አስታውቃለሁ።

ድራመሩ፦ እኔ ግን ስሙን ስሰማ ደስ ብሎኝ ነበር። ከበሮዬን በሦስት ባጃጅ አከፋፍዬ ከሐዋሳ ፒያሳ ወደ ሐይቁ ሳወርድ ሲምባሉ አስፋልት ላይ ተንከባለለ። እውነተኛ ፒክአፕ ብንከራይ ምን አለበት?

ድምፃዊቷ፦ ስፒከሮቹም በዝናብ የበሰበሱት በዚያው ምክንያት ነው።

ገንዘብ ያዡ፦ የመኪና ኪራይ ደረሰኝ አለው፣ ኦዲተሩም ይገባዋል። ይህ ይሻላል።

ባሲስቱ፦ ሐሙስ ማታ ሆነ። ዋጋ አመጣለሁ ያለው ሰው የት ደረሰ?

ባሲስቱ፦ ሳክስፎኒስት?

ኪቦርዲስቱ፦ ዛሬ ከቀትር በኋላ ሐይቁ ዳር አሞራ ገደል ዓሣ ገበያ ዓሣ ሲበላ አይቼዋለሁ። አዲስ አበባ የሄደም አልመሰለኝም።

ጸሐፊዋ፦ ዋጋ ስለሌለ በዚህ ልዘጋው ነው፦ «1ኛ፣ ለጥር ሰርጎች የዕቃ ማጓጓዣ ፒክአፕ ኪራይ። 2ኛ፣ ለክራር ፒየዞ። 3ኛ፣ ገንዘብ ከተረፈ የጊታር ጥገና።» ተቃውሞ ያለው?

ክራር ተጫዋቹ፦ የለኝም።

ገንዘብ ያዡ፦ እፈርማለሁ።

ጊታሪስቱ፦ እኔ ያረቀቅሁት ይህ ነው? ይሁን። የመዳቡን ወረቀት በኪሴ እገዛለሁ። የሽቦ መበየጃ ካውያ ያለው ሰው ቅዳሜ ጠዋት ብቅ ይበልልኝ።

ድራመሩ፦ የፒክአፑ ነዳጅ በማን ነው?