ክርክር፦ የሰፈር ሱቅ በሕግ ይጠበቅ ወይስ ገበያው ይፍረደው?

አወያይ፦ በ2016 ዓ.ም. መንግሥት ለውጭ ባለሀብት ዝግ የነበረውን የጅምላና የችርቻሮ ንግድ ከፍቷል። ትልልቅ መደብሮች ሲመጡ የሰፈር ሱቅን የሚጠብቅ ሕግ ያስፈልጋል ትላላችሁ?

ከደሴ፦ አዎ፣ ያስፈልጋል! ልጅ ሆነን ሽልንግ ጨብጠን ስንሮጥ ባለሱቁ ገና ሳንናገር ምን እንደተላክን ያውቃል። ስኳሩን በወረቀት ይጠቀልላል፣ መልሱን ያስጨብጠናል፣ ደስታ ከረሜላ ምራቂ ይጨምርልናል። የአባቴ ደመወዝ ሲዘገይ ቤታችን የሚያድረው በዱቤ ደብተር ነበር። ዘይት በሲኒ ቀድቶ "ወሩ ሲያልቅ ትከፍያለሽ" የሚል ሱፐርማርኬት የት አለ?

ከጀሞ፦ ወንድሜ፣ ናፍቆቱ የኔም ነው። ግን ዛሬ ልጆች የማበላው እኔ ነኝ። ሱቁ ዋጋ አይለጥፍም፤ ጠዋት ሌላ፣ ማታ ሌላ ነው። ዱቤ ካለብኝ ደግሞ "ለምን ጨመረ?" ብዬ አልከራከርም፤ አፌ ተይዟል። አርክሶ የሚሸጥ ካለ ይምጣ።

ከሜሪላንድ፦ እዚህ አሜሪካ አዛውንቶቹ እንደ እናንተው የሚናፍቁት "ፋይቭ ኤንድ ዳይም" የሚሉትን፣ ዕቃው በ5 እና በ10 ሳንቲም ይሸጥበት የነበረውን ሱቅ ነው። ከነዚህ አንዱ ዉልዎርዝ የሚባለው እ.ኤ.አ. በ1879 ፔንሲልቬንያ፣ ላንካስተር ላይ ተሳክቶለት በየትንሹ ከተማ ተዳረሰ። እ.ኤ.አ. በ1997 የቀሩት ከ400 በላይ ሱቆች ሲዘጉ ብዙ ሰው አዘነ። ግን ዉልዎርዝ ራሱ በጊዜው የትንንሽ ባለሱቆችን ገበያ የወሰደ ትልቅ ኩባንያ ነበር። በአሜሪካ ደቡብ ደግሞ ጥቁር ሰው እዚያ ዕቃ ቢገዛም የምግብ ባንኮኒው ላይ ተቀምጦ መብላት አይችልም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1960 ግሪንስቦሮ በምትባል የደቡብ ከተማ፣ ዉልዎርዝ ውስጥ፣ አራት ጥቁር ተማሪዎች "አናስተናግድም" ሲባሉ አንነሳም አሉ። የተፈቀደው ከወራት ተቃውሞ በኋላ ነው። ለኛ ጥሩ የነበረ ሱቅ ለሁሉም ጥሩ ነበር ማለት አይደለም፤ የጀሞዋን እህታችንን እንስማት።

ባለሱቅ፣ ከሐዋሳ፦ እህቴ፣ ዋጋውን የምቀያይረው ወድጄ አይደለም። ዕቃው እኔ ጋ የሚደርሰው በሦስተኛ እጅ ነው። አከፋፋዩ ሲጨምር በስልክ ይነግረኛል፤ ዱቤ የወሰደብኝ ሰው ግን የሚከፍለኝ በድሮው ዋጋ ነው። ባንክ ልበደር ብል ማስያዣ ይለኛል፤ ማስያዣ ከየት ላምጣ? የውጮቹን አትከልክሉልኝ። እኔም ከፋብሪካ ልግዛ። የሰፈር ባለሱቆች ተደራጅተን በጅምላ እንድንገዛ ብድር ይመቻችልን፤ ያን ጊዜ ዋጋው ሲወርድ ታያላችሁ።

ከጀሞ፦ በዚህ እስማማለሁ። ግን ዋጋ ይለጠፍ። ዱቤ ለሚወስድም ለማይወስድም አንድ ዋጋ ይሁን።

ከደሴ፦ መለጠፉ ይሁን። እኔን የሚያሰጋኝ ሌላ ነው። ትልቁ መደብር ዛሬ አርክሶ ሸጦ፣ ሱቆቹ ከተዘጉ በኋላ ቢያስወድድ ወዴት እንሄዳለን? ስለዚህ ባለሱቆቹ ተደራጅተው እስኪጠነክሩ ትልልቆቹ አዲስ አበባ ይቆዩ፤ ወደ ትንንሽ ከተሞች አይግቡ። በዚህ ነጥብ ላይ የሐዋሳው ወንድሜ ምን ይላል?