ቦረና ላይ የሚያልፈው ሽራይክ፦ የመጣበትን ቀን ልለካ ወይስ የቆየበትን?

ሰብለ_ዲ፦

ሰላም ለሁላችሁ። የማስተርስ ጥናቴ ጀርባ ቀዩ ሽራይክ የሚባለው ወፍ ላይ ነው፤ በሳይንሳዊ ስሙ ላኒየስ ኮሉሪዮ። የአውሮፓን ብርድ ደቡባዊ አፍሪካ ላይ ያሳልፍና ወደ መራቢያው ሲመለስ ሚያዝያ ላይ በእኛ ቆላ ያልፋል። ያቤሎ ዙሪያ ያለውን የግራር ቁጥቋጦ ይዤ፣ ወፉ መጀመሪያ የታየበትን ቀን ለሁለት በልግ መዝግቤ ከዝናቡ ጋር ላወዳድር ነው ያሰብኩት፤ የአየር ንብረት ለውጡ ጉዞውን አስቀድሞት ወይም አዘግይቶት እንደሆነ ለማየት። ለስድስት ጂኦሎኬተር (ወፉ ላይ ታስሮ የጉዞ መንገዱን የሚጠቁም ትንሽ መሣሪያ) የሚሆን በጀትም አለ። ፕሮፖዛሉን ሳላስገባ ቀዳዳ ካለው ጠቁሙኝ።

መስክ_ቆጣሪ፦

መጀመሪያ የታየበት ቀን የአንዲት ወፍ ቀን ነው። በሳምንት አንዴ ብቻ ከወጣሽ ወፏ ከታየችበት እስከ ስድስት ቀን ቀድማ መጥታ ሊሆን ይችላል። ብዙ ወፍ ባለፈበት ዓመት ደግሞ የመጀመሪያዋ ቀደም ብላ ትታያለች፤ የብዙኃኑ ጉዞ ግን ንቅንቅ ላይል ይችላል። የሚያስተማምነው ከወቅቱ ቆጠራ 50 በመቶው የሞላበት ቀን ነው። 5 እና 95 በመቶ የሞላባቸውንም አብረሽ አውጪ።

ለዚህ እየተራመድሽ የምትቆጥሪበት ስድስት መስመር ይበቃሻል፣ እያንዳንዱ 1 ኪሎ ሜትር። ከመጋቢት 20 እስከ ግንቦት 10፣ በየሦስት ቀኑ፣ ከንጋቱ 12፡15 እስከ ጠዋቱ 3፡30። ከዚያ በኋላ ሙቀቱ ሲበረታ ወፉ ከቁጥቋጦው ጫፍ ወርዶ ጥላ ስለሚገባ ቁጥሩ በሐሰት ይቀንሳል። ሁልጊዜ ከአንድ መስመር አትጀምሪ፤ ቅደም ተከተሉን ካላዟዟርሽው መጨረሻ ላይ ያለው መስመር ሁሌ የሙቀት ሰዓት ይደርሰውና "ወፍ የሌለበት" ይመስላል። ምንም ያላየሽበትን ቀን ዜሮ ብለሽ ጻፊ፤ ባዶ የተተወ ሳጥን ዜሮ አይደለም።

ወንዱንና ሴቷን ለይተሽ መዝግቢ። ወንዶቹ ቀድመው ስለሚያልፉ፣ ደምረሽ ከቆጠርሽ የጾታ ምጣኔው በተዛባበት ዓመት ጉዞው የተቀየረ ይመስልሻል። ሌላው አደጋ ሴቷን ከኢዛቤሊን ሽራይክ ጋር መቀላቀል ነው። ኢዛቤሊኑ የብርዱን ወራት እዚሁ የሚያሳልፍ ስለሆነ፣ መጋቢት ላይ "ቀድማ መጣች" የተባለች ሴት ብዙ ጊዜ እሱ ነው። ጅራቱ እንደ ዝገት ይቀላል። ለቀን ስሌት ወንዶቹን ብቻ ብትጠቀሚ ይሻላል፤ ግራጫ ራስ፣ ጥቁር የዓይን ጭምብል፣ ቀይ ቡናማ ጀርባ ያለውን የሚስት የለም።

በሁለት በልግ መረጃ ግን ስለ አየር ንብረት ለውጥ አንድም ዐረፍተ ነገር መጻፍ አትችዪም። የምትችዪው በአንድ ዓመት ውስጥ ዝናብ ያገኘውንና ያላገኘውን ቦታ ማነጻጸር ነው። ርዕሱን ወደዚያ አጥብቢው።

ቀለበት_ያዥ፦

በመስክ_ቆጣሪ ሐሳብ እስማማለሁ። ጂኦሎኬተሩን ግን ጭራሽ ተይው። መሣሪያው የብርሃን መጠንና ሰዓት ይመዘግባል እንጂ ምንም አይልክም፤ መረጃውን ለማውጣት ያችኑ ወፍ እንደገና መያዝ ግድ ነው። መራቢያ ቦታ ላይ የሚሠራው ወፉ በዓመቱ ወደዚያው አካባቢ ስለሚመለስ ነው። ያቤሎ ላይ በመንገዷ የያዝሻትን ወፍ በዓመቱ እዚያው ቁጥቋጦ አገኛታለሁ ማለት ዘበት ነው። ስድስቱም በረው ይቀራሉ።

ይልቅ ስካንዲኔቪያ ላይ በታሰሩ ጂኦሎኬተሮች የተገኘውን ተመልከቺ። እ.ኤ.አ. በ2012 ሳይንስ መጽሔት ላይ የወጣው የኮፐንሃገን ተመራማሪዎች ሥራ፣ በ2011 ሽራይኩና ትረሽ ናይቲንጌል የሚባለው ዘማሪ ወፍ አውሮፓ ዘግይተው የደረሱት በድርቁ ምክንያት የአፍሪካ ቀንድ ላይ ከወትሮው በላይ ስለቆዩ መሆኑን አሳይቷል። ምግቡ ሲሳሳ ለቀጣዩ በረራ የሚሆነውን ስብ ማጠራቀም ጊዜ ይወስዳል። ስለዚህ ያንቺ ቦታ ዋጋው የመጡበት ቀን ላይ ሳይሆን እዚህ በስንት ቀን ይሰባሉ የሚለው ላይ ነው። ያንን ደግሞ ከኮፐንሃገን ሆኖ የሚለካው የለም።

ለመያዣ መረብ 12 ሜትሩን፣ ከአራት ያልበለጠ። ሳይነጋ ተዘርግቶ በየ20 ደቂቃው ይታያል፤ ፀሐይ ሲያርፍበት፣ ነፋስ ሲነሳ፣ ሲያካፋ ይታጠፋል። ሽራይክ መረብ ውስጥ የተያዘች ትንሽ ወፍ ካየ ይገድላታል፣ ስለዚህ 20 ደቂቃዋ አትለጠጥም። መንቁሩም ጣት ያደማል። ለእያንዳንዱ ወፍ የክንፍ ርዝመት፣ የስብ ነጥብ ከ0 እስከ 8፣ የደረት ጡንቻ ከ0 እስከ 3፣ ክብደት በ0.1 ግራም። ክብደቱ የተመዘነበት ሰዓት ካልተጻፈ ቁጥሩ ከንቱ ነው፤ የጠዋትና የቀትር ክብደት አንድ አይደለም። ደግመሽ ከያዝሻቸው የቀን ጭማሪውን በቀጥታ ታሰያለሽ፤ አንዴ ብቻ ከተያዙት ደግሞ ክብደትን በሰዓት ላይ ታስቀምጪና ተዳፋቱን ትወስጃለሽ። እግራቸው ላይ ባለ ቀለም ቀለበት ብትጨምሪበት ሳትይዢያቸውም በመነጽር ስንት ቀን እንደቆዩ ታያለሽ። ፈቃዱ ከኢትዮጵያ ዱር እንስሳት ልማትና ጥበቃ ባለሥልጣን ነው፤ ቀለበት ማሰርን በማመልከቻው ውስጥ ለይተሽ ጥቀሺ።

ሰብለ_ዲ፦

ሁለታችሁንም አመሰግናለሁ፤ ጂኦሎኬተሩ ቀርቷል። ዝናቡንስ? ያለኝ የአንድ ጣቢያ መዝገብ ነው፣ መስመሮቹ ደግሞ ይራራቃሉ።

ዳታ_በልግ፦

ቺርፕስን ውሰጂ፤ ከሳተላይትና ከጣቢያዎች የተቀናበረ የዝናብ መረጃ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1981 ጀምሮ አለ፣ የካርታው አንዱ ሳጥን 0.05 ዲግሪ፣ ማለትም 5 ኪሎ ሜትር ተኩል ገደማ። በአንድ ሳጥን ውስጥ የሚያርፉ ሁለት መስመሮች ለዝናብ ስሌት እንደ አንድ ናቸው፣ ስለዚህ መስመሮቹን ሳትመርጪ ሳጥኑን ካርታው ላይ ጣዪ። የጋናን፣ ማለትም የቦረናን የበልግ ዝናብ ብቻ አትዪ፤ የሀጋያውንም፣ ማለትም ከእሱ በፊት የነበረውን የመኸር ዝናብ ጨምሪ። የ2011 ድርቅ የተከተለው ሁለቱም በተከታታይ ከከሸፉ በኋላ ነው።

ልምላሜውን ከሞዲስ የሳተላይት መረጃ ማግኘት ይቻላል፣ 250 ሜትር፣ በየ16 ቀኑ። ደመና ያበላሸውን በጥራት ምልክቱ አጣሪ። ቦረና ላይ ግን አንድ ወጥመድ አለው፦ ቁጥቋጦ የሳርን ቦታ እየወረረ ስለሆነ ከሳተላይት "ለምለም" የሚታየው ሁሉ ፌንጣ ያለበት አይደለም። በየመስመሩ 50 ሜትር እየተራመድሽ የሚዘለውን ፌንጣና መሬት ላይ ያለውን ጢንዚዛ ቁጠሪ። ሽራይኩ የሚበላው እሱን ነው።

ቀኑን ደግሞ ከመጀመሪያው በሁለቱም አቆጣጠር ጻፊ። የበልጉ አያስቸግርም፣ ሚያዝያ 1 ሁሌም ኤፕሪል 9 ነው። የመኸሩን ጉዞ ከጨመርሽ ግን መስከረም 1 አንዳንዴ ሴፕቴምበር 11፣ አንዳንዴ 12 ነው፤ 2016 ዓ.ም. የገባው ሴፕቴምበር 12፣ 2023 ነበር። በአንድ ቀን ዝንፍ ያለ ዓመት ግራፉ ላይ "መዘግየት" ሆኖ ይወጣል። ሰዓቱም እንዲሁ፦ "ጠዋት 1፡00" ኤክሴል ላይ እንዳለ ከገባ ሌሊት ሰባት ሰዓት ሆኖ ይነበባል፣ የክብደት ተዳፋቱም አብሮ ይበላሻል።

መስክ_ቆጣሪ፦

ናይቲንጌሉንም የመጨመር ሐሳብ ካለሽ በዓይን አትድከሚ፤ ጥሻ ውስጥ ይደበቃል፣ ሚያዝያ ላይ ግን ይዘምራል። ኦዲዮሞዝ መቅጃ በ48 ኪሎ ኸርዝ በሰዓት 346 ሜጋባይት ገደማ ይበላል፤ በቀን ሁለት ሰዓት ብቻ ብታስቀጂ 32 ጊጋባይት ካርድ ከ40 ቀን በላይ ይዘልቃል። ባትሪው ሦስት ባለ ሁለት ኤ ነው፣ እሱን ግን ካርዱ እስኪሞላ አትጠብቂ፤ ወቅቱ አጋማሽ ላይ ቀይሪው። ሰዓቱን በዓለም አቀፉ አቆጣጠር (ዩቲሲ) ነው የሚመዘግበው፣ ሦስት ሰዓት መደመር አትርሺ።