የስፔክትረም ካሴቶቼ መሃል ላይ እየተቋረጡ አልጫን አሉኝ፤ የምታውቁ እርዱኝ

ሰላም ለሁላችሁ። እ.ኤ.አ. በ1982 ለገበያ የቀረበው፣ 48 ኪሎባይት ሜሞሪና የጎማ ቁልፎች ያሉት ሲንክሌር ዜድኤክስ ስፔክትረም የተባለ የቤት ኮምፒውተር አለኝ፤ እዚህ ለንደን ከአሮጌ ዕቃ ገበያ የገዛሁት ሲሆን፣ ፕሮግራሞች በድምፅ መልክ የተቀዱባቸውን፣ አብረውት የመጡትን ካሴቶች ግን መጫን አልቻልኩም። የ«ጄ»ን ቁልፍ ስነካ «ሎድ» (ጫን) የሚለው ትእዛዝ ሙሉውን ይጻፋል (ይህ አሠራሩ ዛሬም ያስቀኛል)፤ ቴፑን ሳስነሳም በስክሪኑ ጠርዝ ላይ ቀይና ውሃ ሰማያዊ መስመሮች ይታዩና የፕሮግራሙ ስም ይወጣል። ሆኖም ሰማያዊና ቢጫ ቀጫጭን መስመሮች እየተራወጡ ረጅሙ ክፍል በሚነበብበት ጊዜ፣ ድንገት ሥራው ይቆምና የቴፕ ንባብ ስህተት መኖሩን የሚገልጸው መልእክት ይመጣል።

ያንኑ ዓይነት የድምፅ ፋይል ከስልኬ በዚያው ገመድ ሳጫውትለት ያለ ችግር ስለሚቀበል፣ ኮምፒውተሩ ጤነኛ ነው ብዬ አምናለሁ። ጥርጣሬዬ ያረፈው ለብቻው በገዛሁት አሮጌ ቴፕ ላይ ነው። ካሴቱን የሚያነበውን የቴፑን ሄድ በአልኮል አጽድቻለሁ፤ ድምፁንም ከፍና ዝቅ እያደረግሁ ሞክሬያለሁ፤ ለውጥ የለም።

የሄዱን አቀማመጥ የምታስተካክለውን ትንሽ ብሎን በካቻቪቴ ሳዞር፣ ትክክለኛውን ቦታ የማውቀው ቀጭኑ ድምፅ ይበልጥ ጥርት ሲል ነው? ወይስ ችግሩ የላላ ቺንጋ የሚፈጥረው የፍጥነት መዛባት ይሆን? ቴፑን ሳልፈታ ሁለቱን የምለይበት መንገድ ካለ ብትነግሩኝ ከልብ አመሰግናለሁ፤ ካሴቶቹ ያረጁ ስለሆኑ ደጋግሜ ማጫወቱን አልደፈርኩም።