የልጅ መኝታ ቤት ግድግዳ ላይ የወጣ ጥቁር ነጠብጣብ፦ ልቀባው ወይስ ልስኑ ይፈንቀል?

የሚጣ እናት፦
ጤና ይስጥልኝ። ኮንዶሚኒየም፣ 2ኛ ፎቅ። ልጄ የምትተኛበት ክፍል ጥግ ላይ፣ ከቁም ሳጥኑ ጀርባ፣ ሁለት መዳፍ የሚያህል ጥቁር ነጠብጣብ ወጥቷል። አንዱ ግድግዳ የውጭ ነው፣ ሌላው ከመታጠቢያ ቤቱ ጋር ይዋሰናል። ሐምሌ ላይ በበረኪና ጠርጌው ጠፋ፤ በሦስት ሳምንት ተመለሰ። ልጅቷ 4 ዓመቷ ነው፣ ሌሊት ሌሊት ያስላታል። ፕላስቲክ ቀለም ልቀባው?

ግንበኛው፦
ቀለሙ ይቆይ እህቴ። እርጥብ ግድግዳ ላይ የተቀባ ቀለም አብጦ ይላጣል፣ ሻጋታውም ከሥሩ ይቀጥላል። መጀመሪያ ውሃው ከየት እንደሚመጣ ይለይ።

ከነጠብጣቡ አጠገብ ንጹሕ ቦታ በጨርቅ አድርቂና 50 በ50 ሳንቲ ሜትር ላስቲክ አራቱንም ጎን በስኮች አሽገሽ ለጥፊ። ከሁለት ቀን በኋላ ጠብታው በክፍሉ በኩል ካለ፣ የክፍሉ እንፋሎት ቀዝቃዛው ግድግዳ ላይ እየጤዘ ነው። ከላስቲኩ ጀርባ ካለ ግን እርጥበቱ ከግድግዳው ውስጥ ነው የሚወጣው፦ ቧንቧ፣ አሸንዳ ወይም የውጭ ልስን ስንጥቅ።

ለቧንቧው፣ ውሃ በመጣበት ቀን ሮቶው ከሞላ በኋላ ሁሉንም ዝጊና ቆጣሪውን አንብቢ፤ ከአንድ ሰዓት በኋላ ከተንቀሳቀሰ ይፈስሳል። የሻወር ወለልና የፍሳሽ መስመር ግን ቆጣሪ ላይ አይታይም። ሻወሩን ለጥቂት ቀን ሳትጠቀሚ ግድግዳው እየደረቀ ከሄደ፣ እዚያ ነው።

ጽዳት በሙያ፦
ስለ በረኪና ልጨምር። ጥቁሩን ያነጣዋል፣ ሰው ያለቀ ይመስለዋል። አብዛኛው ውሃ ስለሆነ ልስኑ ይጠጣዋል፤ የሞተው ሻጋታም ካልተጠረገ የአለርጂ መነሻነቱ አይቀርም። ከኮምጣጤ ወይም ከሽንት ቤት አሲድ ጋር ከተደባለቀ ደግሞ መርዛማ ጋዝ ያወጣል።

1 ሊትር ለብ ያለ ውሃ ውስጥ አንድ ሾርባ ማንኪያ ላርጎ ይበቃል። ልጅቷ ሌላ ክፍል ትሁን፣ በሩ ይዘጋ፣ መስኮቱ ይከፈት፤ ኤን 95 ጭምብል፣ ጓንትና መነጽር አድርጊ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፦ በደረቁ አትቦርሺ፣ ዱቄቱ ቤቱን ይሞላዋል። መጀመሪያ በስፕሬይ አርጥቢው፣ ከዚያ ፈትገሽ በጨርቅ አንሺና ጨርቁን በፌስታል ቋጥረሽ ጣዪው። ያበጠ ቀለም ካለ እርጥብ እንዳለ በስፓቱላ ይፋቅ። የቁም ሳጥኑ የጀርባ ኮምፔንሳቶ ካበጠ ይቀየር፤ የሻገተ የስፖንጅ ፍራሽም አይጸዳም፣ ይጣል። ከ1 ካሬ ሜትር በላይ ከሆነ ለባለሙያ ተዪው።

ነርስ፦
ልጅቷ ሌላ ክፍል ስትተኛ ሳሏ ከቀነሰ፣ መነሻው ሻጋታው ለመሆኑ ጠቋሚ ነው እንጂ ማረጋገጫ አይደለም፤ ጉንፋንም በራሱ ጊዜ ይለቃል። ሲር ሲር የሚል ትንፋሽ ካላት ወይም ስትተነፍስ የጎድን አጥንቷ መሀል ወደ ውስጥ ከገባ፣ ዛሬውኑ ሐኪም ጋ። የሻጋታውን ዓይነት ለማስመርመር ገንዘብ አታውጪ፤ ጥቁርም ሆነ አረንጓዴ፣ መወገዱ አይቀርም።

አንድ አደራ፦ ግድግዳ ይድረቅ ተብሎ ክፍሉ ውስጥ ከሰል አይቀጣጠል። ጭስ ባይኖረውም ይገድላል።

የሚጣ እናት፦
ላስቲኩን ዛሬ አነሳሁት። ጠብታው በክፍሉ በኩል ነው፣ ጀርባው ደረቅ። ቆጣሪውም አልተንቀሳቀሰም።

ግንበኛው፦
እንግዲያው ልስኑን አትንኪው። ቁም ሳጥኑን ወደ ውስጠኛው ግድግዳ አዛውሪው፤ ቦታ ከሌለ 10 ሳንቲ ሜትር አርቂው። ጠዋት ጠዋት መስኮትና በሩን ለ15 ደቂቃ ፊት ለፊት ክፈቺ፣ እርጥብ ልብስ እዚያ ክፍል አታስጪ። ቀለሙን ለጥቅምት አቆዪው፣ ያኔ ፀሐዩ ራሱ ያደርቅልሻል።