ቪም ላይ ስህተቱ የት ነው የሚገባው? ስክሪን ላይ የለም፣ ካችም አልያዘውም

ጀንፈል፦
ሰላም ለሁላችሁ። ያለሁት ጅማ ነው። አጎቴ መጋዘን የጀንፈል ሂሳብ የምይዘው እኔ ነኝ። ማን ስንት ፈረሱላ አስገባ፣ ስንት ተከፈለው፣ ስንት ቀረው፤ ሁሉም አንድ የጽሑፍ ፋይል ውስጥ ነው። ላፕቶፑ አሮጌ ስለሆነ ወንድሜ ሊኑክስ ጫነበትና ቪም የሚባለውን የጽሑፍ ኤዲተር አስለመደኝ። «ኤክሴል ለምን አትጠቀሚም» የምትሉ ካላችሁ በሱ ሌላ ቀን እንጨቃጨቃለን።

ሴቭ ባደረግኩ ቁጥር ፍላሽ ላይ ቅጂ የምታስቀምጥ ትንሽ ፋንክሽን (በአንድ ስም የሚጠሩ ትእዛዞች) ጽፌ ነበር። መጀመሪያ ጥሩ ሠራች። ከዚያ ሦስት መስመር ቀይ ጽሑፍ እያመጣች «ኢንተር ተጫን» ማለት ጀመረች። ገበሬ ሚዛን ላይ ቆሞ እየጠበቀ ማን ያነባል? ኢንተር እጫናለሁ፣ ይጠፋል። አንድ ሰው «ከፊቷ ሳይለንት ከነቃለ አጋኖው ጨምሪ፣ ዝም ያሰኛታል» አለኝ። ጨመርኩ፣ ሰላም ሆነ። ግን ስለከነከነኝ ፋንክሽኗ ውስጥ ትራይና ካች አስገባሁ፤ ትራይ ውስጥ ስህተት ሲፈጠር ካች ይይዘዋል። ስህተት ካለ ካች በኤኮ (ጽሑፍ በሚያሳየው ትእዛዝ) «ቅጂው አልተቀመጠም» እንዲለኝ ነው።

አንድም ቀን አላለኝም። ትናንት ግማሽ ገጽ ሳላውቅ አጥፍቼ ሴቭ አደረግኩ። ፍላሹን ስከፍት አንድም ቅጂ የለም! ቪም ስህተቱን የት ነው የሚያስገባው? ካችስ ለምን አልያዘውም? አሁን መብራት የለም፣ ከስልክ ነው የምጽፈው። ኪቦርዴ አማርኛ ብቻ ስለሆነ ትእዛዞቹን በፊደል ጻፉልኝ።

አዌቱ፦
አይዞሽ እህቴ። መጀመሪያ የጠፋውን እናድን። ቪምን ካልዘጋሽው ዩ ተጫኚ። ሴቭ ካደረግሽ በኋላም ወደ ኋላ ይመልሳል።

ጀንፈል፦
መብራት ሲሄድ አብሮ ሄደ። የላፕቶፑ ባትሪ ከሞተ ቆይቷል። ግዴለም፣ ደረሰኞቹ ስላሉ እንደገና እጽፈዋለሁ። ነገ እንዳይደገም ነው የምፈልገው።

ሁለት ነጥብ፦
መብራት ሲመጣ ሁለት ነጥብ፣ ከዚያ ሜሴጅስ ብለሽ ጻፊ። ቪም እስኪዘጋ ድረስ ያሳያቸውን መልእክቶች መዝግቦ ይይዛል። ሴቭ አድርገሽ ኢንተር ተጭነሽ የምታልፊው ቀይ ጽሑፍ እዚያ ይገኛል።

ጀንፈል፦
መብራት መጣ። ከፍቼ ሴቭ አደረግኩና አየሁት። «ይህን ያህል መስመር ተጻፈ» የሚል እንጂ ስህተት የሚባል የለም።

ፈጣን መልስ፦
ቪም ይቅርብሽ፣ ሌላ ኤዲተር ጫኚ።

አዌቱ፦
ወንድሜ፣ ሴትየዋ የጠየቀችው እሱን አይደለም።

ሲ አንባቢ፦
እኔ የቪምን ኮድ አልፎ አልፎ አነባለሁ። ነገሩ ውስጥ ውስጡን እንዴት እንደሚሄድ ልንገርሽ፣ ሁለቱም ጥያቄሽ እዚያው ይመለሳል።

ቪም ውስጥ ስህተት ሁሉ ማለት ይቻላል የሚያልፈው በአንድ በር ነው። ኢ፣ ኤም፣ ኤስ፣ ጂ የሚባል ፋንክሽን አለ። ፋይል መጻፍ አልተቻለም፣ ትእዛዙ አይታወቅም፣ ምንም ይሁን፣ ጽሑፉ ለሱ ይሰጣል። እሱ ግን ወዲያው ወደ ስክሪን አይልከውም። መጀመሪያ ይጠይቃል፤ አሁን ትራይ ውስጥ ነን? ከሆንን ስህተቱ መልእክት መሆኑ ይቀርና ኤክሴፕሽን ሆኖ ይወረወራል፣ ካች ይቀበለዋል። ስክሪን ላይ ምንም አይወጣም።

ትራይ ከሌለ ጽሑፉን ቪ:ኤርኤምኤስጂ የምትባል ተለዋዋጭ ውስጥ ያስቀምጠዋል። ቀጥሎ «ሳይለንት ተብያለሁ?» ይላል። ከተባለ እዚያው ያቆማል። ቀለም የለም፣ ሜሴጅስ ውስጥም አይገባም። ካልተባለ ግን ሳይጫኑ ወረፋ የያዙትን ቁልፎች ይጥላል (ማፒንግ፣ ማለትም በአንድ ቁልፍ የሚጠሩ ተከታታይ ቁልፎች፣ መሃል ላይ የሚቆምብሽ ለዚህ ነው)፣ «ስህተት ነበር» የሚል ምልክት ይይዛል፣ ከዚያ ከየት ፋንክሽን፣ ከስንተኛው መስመር እንደመጣ ጽፎ በቀይ ያሳይሻል። ሦስት መስመር የሆነብሽ ከዚህ የተነሳ ነው፤ አንዱ የፋንክሽኑ ስም፣ አንዱ የመስመሩ ቁጥር፣ አንዱ ራሱ ስህተቱ። ታች ያለችው ቦታ አንድ መስመር ብቻ ስለሆነች «ኢንተር ተጫን» ይላል።

አሁን ወደ ወጥመዱ። ያ የመጀመሪያው ጥያቄ፣ ትራይ ውስጥ ነን ወይ የሚለው፣ አንድ ቅድመ ሁኔታ አለው። ሳይለንት ከነቃለ አጋኖው በሥራ ላይ ከሆነ ስህተቱ ወደ ኤክሴፕሽን አይቀየርም። አንቺ ደግሞ ሳይለንቱን ያደረግሽው ፋንክሽኗን በምትጠሪበት ቦታ ነው። ስለዚህ ውስጧ ያለው ሁሉ በሱ ጥላ ሥር ነው። ትራይሽ አለ፣ ካችሽ አለ፣ የሚወረወር ነገር ግን የለም። ቢወረወር እንኳ ካች ውስጥ ያለው ኤኮሽም በዚያው ሳይለንት ይታፈን ነበር። በሩን ዘግተሽ፣ ዘበኛውንም አፉን ይዘሽዋል።

ጀንፈል፦
ኧረ በስመአብ! ስለዚህ ስህተቱ የትም የለም ማለት ነው?

ሲ አንባቢ፦
አለ። ቪ:ኤርኤምኤስጂን አትርሺ፣ እሷ የምትሞላው ከሳይለንቱ ጥያቄ በፊት ነው። ሴቭ አድርጊና ወዲያው ሁለት ነጥብ ኤኮ ቪ:ኤርኤምኤስጂ በይ። የምትይዘው የመጨረሻውን አንድ ስህተት ብቻ ነው፣ ሌላ ነገር ሳትነኪ እይው።

አሮጌ ተርሚናል፦
ልጆች፣ እናንተ ተመችቷችሁ ነው። ድሮ ዩኒክስ ላይ ኤድ በሚባል ኤዲተር ነበር የምንሠራው፣ ኬን ቶምፕሰን የጻፈው። ተሳሳትክ? አንዲት የጥያቄ ምልክት ያወጣል። በቃ። ምን እንዳጠፋህ ራስህ እወቅ። ኋላ ኤች ስትጫን የሚያብራራ መጣ፣ ያም ቢሆን ካልጠየቅኸው አይናገርም።

አዌቱ፦
ጋሼ፣ እርስዎ ደግሞ በዚያ ሂሳብ ይይዙ ነበር?

አሮጌ ተርሚናል፦
ደሞዝ ነበር የምሠራበት። አልሳሳትም ነበር።

ጀንፈል፦
አገኘሁት! «ኢ482፣ ፋይል መፍጠር አልተቻለም» ይላል፣ ከዚያ ወደ ፍላሹ የሚወስደው መንገድ።

ሁለት ነጥብ፦
ሁለት ነጥብ ሄልፕ ኢ482 ብትይ ማብራሪያው ይከፈታል። ስህተት ሁሉ ማለት ይቻላል ቁጥር አለው። ሁላችንም በልባችን የምናውቀው ኢ37ን ነው፣ ሴቭ ሳያደርጉ ለመውጣት ሲሞክሩ የሚመጣውን። ካችሽም የሚፈልገው ቁጥሩን ይሁን፣ ጽሑፉን አይሁን። ጽሑፉ በኮምፒውተሩ ቋንቋ ይቀያየራል፣ ቁጥሩ ግን ያው ነው።

ለመሆኑ ቅጂውን የምትሠሪው በምንድን ነው? በሲስተም የሊኑክሱን የመቅጃ ትእዛዝ ሲፒን እየጠራሽ ከሆነ ቪም ጨርሶ ስህተት አያይም። ያን ጊዜ ቪ:ሼል ኤረር ዜሮ መሆኑን ማየት ነበረብሽ።

ጀንፈል፦
አይ፣ ራይትፋይል በሚባለው የቪም የራሱ ፋንክሽን ነው። እና አሁን ገባኝ። ፍላሹን ቀይሬዋለሁ! የድሮው ለወንድሜ ሄደ፣ አዲሱ ሌላ ስም አለው። መንገዱ ላይ የድሮው ስም ነው ያለው። ቀዩ ጽሑፍ የጀመረውም ያኔ ነው።

ሲ አንባቢ፦
በይ እንዲህ አድርጊ። ሳይለንቱን አንሺው። ትራይና ካች ይቆይ። ካች ውስጥ በኤኮ ፋንታ ኤኮኤምኤስጂ ተጠቀሚ፣ ኤኮ ብቻውን ሜሴጅስ ውስጥ አይመዘገብም። ከሱ በፊት ኤኮኤችኤል ኤረርኤምኤስጂ ካልሽ በቀይ ይወጣል፤ መጨረሻ ላይ ኤኮኤችኤል ነን ብለሽ ቀለሙን መልሺው፣ አለዚያ ሌላውም ኤኮ ሁሉ ቀይ ይሆናል። ካች ውስጥ ቪ:ኤክሴፕሽንን ብታሳዪ ደግሞ ቁጥሩም ጽሑፉም ይመጣልሻል። ኢንተር ተጫን ካበዛብሽ ሲኤምዲሃይትን 2 አድርጊው፣ ታች ያለው ቦታ ይሰፋል። ራይትፋይል ሲያቅተው ከዜሮ ሌላ ቁጥር ይመልሳል፣ እሱንም መፈተሽ ይቻላል።

እና አንድ ነገር። ስህተቱ ላይ የምታይው «መስመር 4» ከፋንክሽኗ መጀመሪያ የተቆጠረ ነው፣ ከፋይሉ አይደለም። እኔ በዚህ አንድ ሌሊት ሙሉ የተሳሳተ መስመር ሳስተካክል አድሬያለሁ።

ጀንፈል፦
ሳይለንቱን አነሳሁ። ፍላሹን ነቅዬ ሴቭ ሳደርግ በቀይ «ቅጂው አልተቀመጠም» አለኝ፣ ከነኢ482። መንገዱን አስተካክዬ ስሰካው ዝም አለ፣ ፍላሹም ላይ ፋይሉ አለ። ገለቶማ! አሁን የግማሽ ገጽ ደረሰኝ ይጠብቀኛል።

አዌቱ፦
የአዲሱን ፍላሽ ስም ወረቀት ላይ ጽፈሽ ላፕቶፑ ላይ ለጥፊው። ወንድምሽ ይህንንም ይጠይቅሽ ይሆናል።