ወንድሜ ዲሴቢሊቲ ላይ ነው፤ "ቲኬት ቱ ወርክ" እውነት ሥራ ያስይዛል?

ሰላም ለሁላችሁ። ታላቅ ወንድሜ ሜሪላንድ ነው፤ ጀርባውን ከተጎዳ ጀምሮ በኤስኤስዲአይ (ሠርተው የነበሩና በጤና ችግር መሥራት ያቃታቸው ሰዎች ከመንግሥት በየወሩ በሚያገኙት ክፍያ) ይኖራል። ሰሞኑን በ"ቲኬት ቱ ወርክ" (እንደሱ ዓይነት ሰዎችን ወደ ሥራ ለመመለስ በሚረዳ የመንግሥት ፕሮግራም) ውስጥ የሚሠራ አንድ ድርጅት ደውሎ "ተመዝገብ፣ አብዛኞቹ ደንበኞቻችን ተቀጥረዋል" አለው። ቤት መዋል ሰልችቶታል፣ ግን ቼኬ ይቆረጣል ብሎ እንቅልፍ አጥቷል። ያለፈበት አለ? ፕሮግራሙ መሥራት አለመሥራቱንስ በምን እናውቃለን?

መልስ 1
እህቴ፣ ስለ ቼኩ አይዟችሁ። የሙከራ ጊዜ አለው። በ60 ወር ውስጥ 9 ወር የፈለገውን ያህል ቢያገኝ ቼኩ አይቋረጥም፤ ወሮቹም መከታተል የለባቸውም። በ2025 ከ9ኙ እንደ አንዱ ይቆጠር የነበረው ታክስ ሳይቀነስ ከ1,160 ዶላር በላይ የተገኘበት ወር ነበር። በኋላ ገቢው ጨምሮ ቼኩ ቢቆም እንኳ፣ በ5 ዓመት ውስጥ ያው ሕመም ከሥራ ካስወጣው እንደ አዲስ ሳያመለክት ይመለስልኝ ማለት ይችላል። ብቻ ደሞዙን ቼኩን ለሚከፍለው መሥሪያ ቤት ለሶሻል ሴኩሪቲ ያሳውቅ፣ አለዚያ በትርፍ የወሰድከውን መልስ ይባላል።

መልስ 2
"አብዛኞቹ ተቀጠሩ" ማለት ምንም አይነግርሽም። ፕሮግራሙ በፈቃደኝነት ስለሆነ የሚመዘገበው ቀድሞም ልቡ ለሥራ የተነሣው፣ ጤናው ሻል ያለው ሰው ነው፤ ያለ እነሱም ሥራ ያገኝ ይሆናል። መታየት ያለበት ተመሳሳይ ሰዎች ድጋፉን ሳያገኙ ስንቶቹ ተቀጠሩ የሚለው ነው። ለዚህ ሰዉን በዕጣ ለሁለት መክፈል ያስፈልጋል። ሶሻል ሴኩሪቲ ራሱ ሞክሮታል። ቦንድ በተባለው ሙከራ ቼኩ በሙሉ ከሚቆም፣ ከተወሰነ የገቢ ገደብ በላይ ከተገኘ ከእያንዳንዱ 2 ዶላር ከቼኩ 1 ዶላር ብቻ እንዲቀነስ ተደረገ፤ አማካይ የሥራ ገቢ ግን ይህ ነው የሚባል ለውጥ አላሳየም። በሌላ ሙከራ ደግሞ ስኪዞፍሬኒያና ከባድ የስሜት ሕመም ላለባቸው ሰዎች ከሕክምና ጋር የቅርብ የሥራ ረዳት ተመደበ። ከእነሱ 60 በመቶ ገደማ ሠሩ፤ ካላገኙት 40 በመቶ ገደማ። ገቢው ብዙዎቹን ከቼክ አላላቀቀም፣ እኔ ግን ውድቀት አልለውም። ቤት ተዘግቶ የኖረ ሰው በሳምንት ጥቂት ሰዓት ሠርቶ ከሰው ጋር መዋሉ ራሱ መቆጠር አለበት።

መልስ 3
እኔ አልፌበታለሁ። የመጀመሪያው ድርጅት ረዙሜ ጻፈልኝ፣ ከዚያ በየወሩ "ሥራ አገኘህ?" ብሎ መደወል ብቻ። ክፍያቸውን የሚያገኙት ሰውየው ሠርቶ ገቢው ሲያድግ ስለሆነ ቀለል የሚላቸውን መምረጥ ይቀናቸዋል። ቲኬቴን ሌላ ጋ ወሰድኩት፤ ይፈቀዳል። እዚያ ያገኘኋት ሴትዮ ቀጣሪዬን አነጋግራ ቁጭ ብዬ የምሠራበትን ሁኔታ አመቻቸችልኝ። ይኸው ሦስት ዓመቴ። ወንድምሽ ይጠይቃቸው፦ ጀርባውን የታመመ ስንት ሰው አስገባችሁ? ከዓመት በኋላስ ስንቱ ሥራው ላይ አለ?

ጠያቂዋ
እግዜር ይስጥልኝ። ማታ በስልክ አነበብኩለት፣ የ9 ወሩን ነገር ሁለቴ አስደገመኝ። ሰኞ ሲደውሉ የዓመቱን ጥያቄ ራሱ ሊጠይቃቸው ነው።